ለቁጥር ማሟያ

ሥራ የፈታ ሰው እንቅልፍ ይበዛበታል የሚሉ ሰዎች ሥራ ፈትተው አያውቁም። እኔ ከተመረቅኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ አንድም ቀን ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ተኝቼ አላውቅም። እነሣለሁ፣ ፊቴን እታጠባለሁ፣ ሰማያዊዋን ክላሰሬን በብብቴ ይዤ መቀሌ ካለው ሰፈራችን ከቀዳማይ ወያነ በእግሬ እወጣለሁ። ማስታወቂያ ሰሌዳ ባለበት ሁሉ እዞራለሁ። ሁልጊዜ ከእኔ ቀድሞ የደረሰ አለ። አብዛኞቹን በስም አላውቃቸውም፤ በክላሰራቸው ቀለም ግን እለያቸዋለሁ። ሰላምታችን «ዜሮ ዓመት አለ?» ነው። ዜሮ ዓመት ማለት ልምድ የማይጠይቅ ሥራ ማለት ነው። የለም። ሁለት ዓመት ይላል፣ አራት ዓመት ይላል፣ ስድስት ዓመት ይላል። ልምዱን ከየት እንደምናመጣው ግን አይልም።

አራት ዓመት የሚፈጀውን ትምህርት በሰባት ዓመት ነው የጨረስነው። መጀመሪያ ኮሮና መጣ፣ ቀጥሎ ጦርነቱ መጣ። ሲያልፍ ተመለስን፤ የተረፍነው ተመለስን ማለቴ ነው። የመውጫ ፈተናውን አልፈን፣ ጥቁሩን ጋዋን ለብሰን ፎቶ ተነሣን። የተማርኩት ስታቲስቲክስ ነው፤ ከክፍሌም ሁለተኛ ወጥቻለሁ። ይህን የምናገረው ለጉራ አይደለም። ሁለተኛ መውጣቴ ምን እንደጠቀመኝ አሁን ትሰማላችሁ።

ነሐሴ ነበር፤ አሸንዳ ሊገባ ሁለት ሳምንት ያህል ቀርቶት ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ኣደይ ኣስካል የተላጠ በለስ በሳህን ይዘው ቤታችን መጡ። ኣደይ ኣስካል በግንብ የምንዋሰናቸው ጎረቤታችን ናቸው፤ ኣደይ በትግርኛ እናቴ ማለት ነው። ቁሓ፣ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው መሄጃ ላይ ባለ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ ሃያ ዓመት ሠርተዋል። ልጃቸው ዘቢብ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛዬ ናት፤ እንደ እኔው ስታቲስቲክስ ተምራ እንደ እኔው ቤት የተቀመጠች። እናቴ ከሞተች ወዲህ ፀጉሬን የሚሠሩኝም የሚቆጡኝም ኣደይ ኣስካል ናቸው። ስለዚህ በለስ ይዘው ሲገቡ ምንም አልጠረጠርኩም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

«ጓለይ፣ ልጄ፣ ልለምንሽ ነው የመጣሁት» አሉኝ።

ለምነውኝ አያውቁም። እኔ የማውቃቸው ሲሰጡ ነው።

«ይዘዙኝ እንጂ ኣደይ።»

«መሥሪያ ቤታችን አንድ ሰው ሊቀጥር ነው። የመረጃ ባለሙያ። ስታቲስቲክስ። ዜሮ ዓመት።»

 እውነቴን ነው፣ በለሱን በእጄ እንደያዝኩ ጭማቂው በክንዴ ላይ ሲወርድ አልተሰማኝም። ሁለት ዓመት ሙሉ በየሰሌዳው ስፈልገው የኖርኩት ነገር በራሱ እግር ቤቴ የገባ መሰለኝ።

«ለዘቢብ ነው» አሉ ቀጥለው።

በለሱን ሳህኑ ላይ መለስኩት።  እሳቸው ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ እኔ ጠጋ አሉና ነገሩን አስረዱኝ። ደንቡ ቢያንስ ሦስት ተወዳዳሪ ይላል። ከሦስት ካነሱ ማስታወቂያው እንደገና ይወጣል።

«እንደገና ከወጣ በቃ፣ መቀሌ ሙሉ ክላሰሩን ይዞ ይመጣል» አሉ።

«ማስታወቂያው የት ነው ኣደይ? እኔ በየቀኑ ነው የምዞረው፤ አላየሁም።»

«ተለጥፏል» አሉ፤ ዓይናቸው ከሳህኑ አልተነሣም። ኋላ እንዳየሁት እውነትም ተለጥፏል። ቁሓ፣ ከኮሪደሩ መጨረሻ፣ በላዩ ላይ ደግሞ የጨረታ ማስታወቂያ ተለጥፎበታል።

«ፈተናው በእጄ አይደለም፤ ከሌላ ቦታ ታሽጎ ነው የሚመጣው። የሚያርሙትም ሌሎች ናቸው። ተወዳዳሪው ግን በእጄ ነው። ጃፋር የሚባል አንድ ልጅ አግኝቻለሁ፤ ኢኮኖሚክስ ነው፣ ተዛማጅ ብለን አስገብተነዋል። እሱ አያሰጋትም። አንድ ሰው ጎደለኝ። ሌላ ሰው ብጠራ ያወራብኛል።»

«እኔስ አላሰጋትም?»

«ለሱ ነው እኮ የመጣሁት፣ ጓለይ።»

የማለፊያ ነጥቡ ከመቶ ሃምሳ ነው። ከሃምሳ በላይ ካመጡት መሀል አንደኛ የወጣው ይቀጠራል። ዘቢብ ሰነፍ አይደለችም፤ ስልሳ ሰባ አታጣም። እኔ ደግሞ ሰማንያ አላጣም። ይህን ሦስታችንም እናውቃለን።

«ከሃምሳ በታች ላምጣ ነው የሚሉኝ?» አልኳቸው፤ አፋቸው እምቢ ስላላቸው እኔው አልኩላቸው።

«እወ» አሉ በትግርኛ፤ ድምፃቸው ሊሰማ ትንሽ ሲቀረው። «ዘቢብ ልትሄድብኝ ነው፣ ሮሃ። አትነግረኝም፤ ግን አውቃለሁ። ከደላላ ጋር ታወራለች። በባሕር ነው፣ በየመን ነው፣ እኔ እንጃ። ኣንዶም ሄደ፤ አልተመለሰም። እሷን አልሰጥም! ሥራ ከያዘች ትቀመጣለች። ለሷ ደግሞ እንዳትነግሪያት። ካወቀች አልፈተንም ትላለች።»

ኣንዶም የዘቢብ ታላቅ ወንድም ነበር። በጦርነቱ ነው የሄደው።

አሁን ውለታው ምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ካልነገርኳችሁ ሞኝ ነሽ ትሉኛላችሁ። አባቴ መምህር ከፋለ ይባላል፤ ከደብረ ብርሃን መጥቶ እዚህ መቀሌ ሠላሳ ዓመት አማርኛ ያስተማረ ሰው ነው። ስኳር አለበት። መንገዱ ሁሉ የተዘጋ ጊዜ፣ ከተማው ውስጥ ኢንሱሊን ሲጠፋ፣ ኣደይ ኣስካል ነጠላቸውን አጣፍተው በእግራቸው ወጡ። ስኳር የነበረበት ሰው የሞተበትን ቤት እየጠየቁ ይሄዳሉ፤ ለቅሶ ይደርሳሉ፤ ከዚያ ከለቀስተኛው መሀል ቤተሰቡን ነጥለው «የተረፈ መድኃኒት ካለ» ብለው ይለምናሉ። ሲሰደቡም ውለዋል። መብራት ስላልነበረ ብልቃጦቹን እንስራ ውስጥ፣ በእርጥብ አሸዋ ቀብረው ያቆዩልን ነበር። አባቴ በሙታን መድኃኒት አሥራ አንድ ወር ኖረ። ያኔ እሳቸው የገዛ ልጃቸው ኣንዶም በሕይወት ይኑር ይሙት አያውቁም ነበር።

እንግዲህ ለእንዲህ ያለ ሰው ምን ይባላል?

«እሺ ኣደይ» አልኳቸው።

ጉልበቴን ሳሙኝ። አንድ ትልቅ ሰው ጉልበቴን ሲስመኝ የመጀመሪያዬ ነው፤ ደስ አይልም።

አባቴ ጓዳ ሆኖ ጋዜጣ ያነብ ነበር። አንድም ገጽ ሳይገልጥ ሁሉንም ሰምቷል። እሳቸው ሲወጡ ብቅ አለና በሩ ላይ ቆመ። አንድ ሰው ተው እንዲለኝ በጣም ፈልጌ ነበር፤ ያ ሰው እሱ እንዲሆን ፈልጌ ነበር።

«ያን ጊዜ እሳቸው ባይኖሩ...» አለ። ቀሪውን አልጨረሰም።

አባቴ እንዲህ ነው። አያዝም፤ ያስታውሳል። ከማዘዝ ይብሳል።

«አባዬ፣ ሥራው የእኔ ይሆን ነበር እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«እና?»

«እኔ ምን እልሻለሁ ልጄ፤ እንደ ሕሊናሽ።»

እንደ ሕሊናሽ ማለት እሺ በይ ማለት ነው። እኔን ያሳደገኝ ይህ ቃል ነው። የቀረውን በለስ ለዶሮ ሰጠሁት፤ ዶሮዋም ቀምሳ ተወችው።

ፈተናው ረቡዕ ነበር። ከዘቢብ ጋር አብረን እንዳንታይ ኣደይ ኣስካል አስጠንቅቀውን ስለነበር በየታክሲያችን ሄድን። ቁሓ እንደ ሁልጊዜው ነፋስ ነበረው። ኮሪደሩ ላይ ስደርስ ዘቢብ ቀድማኝ ተቀምጣለች፤ ፀጉሯን ለአሸንዳ ግልብጭ የሚባለውን ሹሩባ ተሠርታለች፤ አምሮባታል። ከጎኗ አንድ ረዘም ያለ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ ልጅ አለ። ጃፋር እንደሆነ ገባኝ።

«ለማሟያ ነው የተጠራችሁት?» አለን እየሳቀ።

«ማን አለህ?» አልኩት፤ ደነገጥኩ።

«አይ፣ እኔ ለማሟያ ነው የመጣሁት። ይሄ አምስተኛዬ ነው። የትም መሥሪያ ቤት ተወዳዳሪ ሲጎድላቸው ይደውሉልኛል። ባለፈው ሻይና ብስኩት ነበር፤ ዛሬ ግን ምንም አላየሁም።»

ዘቢብ ከት ብላ ሳቀች። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። አምስት ጊዜ ለሌላ ሰው ሠርግ አጃቢ ሆኖ፣ አሁንም ሸሚዙን ተኩሶ የሚመጣ ልጅ አያስቅም። ወይም ያስቃል፤ እኔ ግን በዚያች ጠዋት በእሱ ላይ የማየው ራሴን ነበር።

ልንገባ ስንል ዘቢብ ክንዴን ያዘችኝ።

«ሮሃ፣ አደራሽን በደንብ ሥሪ። እሺ? የምሬን ነው።»

ደሜ ፈላ። ሥራው የሷ መሆኑን እናቷ ነግረዋታል ብዬ አሰብኩ፤ እያሾፈችብኝ መሰለኝ። ሃያ ዓመት የማውቃት ልጅ ናት፣ ስታሾፍና ስትለምን ዓይኗ እንደሚለያይ አውቃለሁ። ያን ጊዜ ግን ዓይኗን አላየሁም፤ ማየት አልፈለግኩም። «አንቺም» ብዬ ክንዴን ነጠቅኳት። በላያችን አውሮፕላን ሊያርፍ ዝቅ ብሎ አለፈ፣ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፤ የሆነ ነገር ጨምራ ነበር፣ አልሰማኋትም።

አዳራሹ ውስጥ ሦስት ተፈታኝና ሦስት ፈታኝ ነበርን። ሃያ አምስት ጥያቄ ነው፤ እያንዳንዱ አራት ነጥብ። ወረቀቱን ስገልጥ ልቅሶ መጣብኝ፤ ቀላል ነበር። አስተማሪያችን ለመለማመጃ ከሚሰጠን እንኳ ይቀል ነበር። መቼም ሰው ነኝ፤ መጀመሪያ ሃያ አምስቱንም በእርሳስ በትክክል ሠራኋቸው። ለራሴ ነው፤ ማንም አያየኝም ብዬ። አርባ ደቂቃ ያህል ሰሌዳውንም ክላሰሩንም ረስቼ ነበር። ለካ ሥራ ማለት እንዲህ ነው፤ የምታውቀውን ነገር አስቀምጠው ሲጠይቁህ።

ከዚያ ላጲሴን አወጣሁ።

ስንት ላጥፋ? ዝም ብሎ በግምት የሚያጠቁር ሰው ከሃያ አምስቱ ስድስት ገደማ ያገኛል። ስድስት ማምጣት ግን አልቻልኩም። ትዕቢት በሉት፣ ስሜ ያለበት ወረቀት ነው፤ የአባቴም ስም አለበት። አሥራ ሦስት ማለፊያ ነው፤ ስለዚህ አሥራ ሁለት ትክክለኛ መልስ ብቻ ለማስቀረት ወሰንኩ። ወድቄ እንኳ ጎበዝ መሆኔ እንዲታወቅልኝ ፈልጌ ነበር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ ትክክለኛውን እያጠፋሁ የተሳሳተውን አጠቆርኩ። አሥራ ሁለት መልስ ካጠፋሁ በኋላ አሥራ ሰባተኛው ጥያቄ ላይ ደረስኩ፤ ስለ ናሙና አመራረጥ ነው፣ የመመረቂያ ጽሑፌን የሠራሁበት። እጄ እምቢ አለኝ። ይህን ብተወው ትክክሉ አሥራ ሦስት ይሆናል፣ ሃምሳ ሁለት ነጥብ። ዘቢብ ስልሳ ብታመጣ እኔ ሁለተኛ እሆናለሁ፤ ማንም አይጎዳም ብዬ አሰብኩ። ወዲያው ደግሞ ዘቢብም ሃምሳ ሁለት ብታመጣስ አልኩ። የእናቷ ጉልበቴን መሳም ትዝ አለኝ፤ እንስራው ትዝ አለኝ።

ቀና ብዬ ዘቢብን አየኋት። እርሳሷን አስቀምጣ በመስኮት ወደ ማረፊያው ሜዳ ታያለች። ጨርሳለች አልኩ። ቀናሁባት፤ አልዋሽም። አሥራ ሰባተኛውን አጠፋሁት፤ ላጲሱ ወረቀቱን ሊቀደው ትንሽ ቀርቶት ነበር።

ዘቢብ ተነሥታ ወረቀቷን በግንባሩ ደፍታ ሰጠች። ሳትወጣ በእኔ በኩል ዞረችና ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ። ያ የመጨረሻችን ነበር።

በማግሥቱ ዘቢብ አሸንዳን አክስቷ ዘንድ ላሳልፍ ብላ ወደ ውቅሮ ሄደች፤ ማለትም ለእናቷ እንደዚያ ነው ያለችው። ኣደይ ኣስካል ደስ ብሏቸው ነበር። «ትዝናና፤ ሥራ ከጀመረች ጊዜ አይኖራትም» እያሉ አዲስ ጫማ ገዝተውላት አየሁ፤ ለቢሮ የሚሆን፣ ጥቁር። እኔ ሰሌዳ ማየቱን ቀጠልኩ። ጎዳናው ላይ ልጃገረዶች ለአሸንዳ ከበሮ ይለማመዳሉ፤ ለእኔ ግን ከበሮው ጭንቅላቴ ውስጥ ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት፣ ማስታወቂያ እያነበብኩ ሳለሁ ከማላውቀው ቁጥር መልእክት ገባልኝ። በትግርኛ ነው፤ ቃሉ ይህ ነው፦

«ሮሃዬ፣ ዘቢብ ነኝ። በደላላው ስልክ ነው። ውቅሮ አይደለሁም፤ አፋርን አልፈናል። ለእማዬ ስል ነው የተፈተንኩት። ወረቀቱን ባዶውን ነው የሰጠሁት፣ አንቺ ትይዢዋለሽ ብዬ። እንኳን ደስ አለሽ። እማዬን አደራ።»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ የተሰማኝን ልንገራችሁ? ያሳፍረኛል እንጂ አልደብቅም። ከኀዘኑ በፊት፣ ከፍርሃቱ በፊት፣ «ሥራው የእኔ ነው» የሚል ነገር ነው በውስጤ ብልጭ ያለው። ጓደኛዬ በረሃ ላይ ሆና እኔ ስለ ደመወዝ አሰብኩ። ሁለት ዓመት ሰሌዳ ስር መቆም ሰውን እንዲህ ያደርገዋል።

ውጤት የሚለጠፈው በዚያው ቀን ነበር። እየሮጥኩ ታክሲ ይዤ ወደ ቁሓ ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ ስጸልይ ነበር፤ ምን ብዬ እንደጸለይኩ ብነግራችሁ ትስቃላችሁ። «እመቤቴ፣ ከተሳሳትኳቸው አንዱን ተሳስቼ ይሁን» ብዬ ነው። አንዷ፣ አንዷ ብቻ፣ ስህተት ብዬ ያጠቆርኳት ትክክል ሆና ትገኝልኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ለማወቅ ነበር የምጸልየው፤ ያን ቀን አለማወቄን ለመንኩ። ግን ከክፍሌ ሁለተኛ ወጥቻለሁ ብያችሁ የለ? የተሳሳትኩትን ሁሉ በትክክል ነው የተሳሳትኩት።

ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ፣ በጨረታው ማስታወቂያ ጎን፣ ወረቀቱ ተለጥፏል። ሮሃ ከፋለ፣ አርባ ስምንት። ጃፋር፣ አርባ። ዘቢብ ኣባዲ፣ ዜሮ። ከሥሩ «የማለፊያ ነጥብ ያመጣ ተወዳዳሪ ባለመገኘቱ ቅጥሩ ተሰርዟል» ይላል። ማኅተም አለው። ከማኅተሙ ጎን ያለው ፊርማ የኣደይ ኣስካል ነው፤ ለሠርግ መጥሪያ፣ ለዕድር ወረቀት ሲፈርሙ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ።

ቢሯቸው ገባሁ። በፋይል ክምር መሀል ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ ብድግ አሉ።

«ዜሮ! አየሽልኝ ጓለይ? ሰው እንዴት ዜሮ ያመጣል? ታማ ነበር? ስልኳ አይሠራም፤ ውቅሮ ኔትወርክ የለም መሰለኝ፤ ለአክስቷ ስደውል ደግሞ አላነሣችም...»

ምን ብዬ ልንገራቸው?  መልእክቱን ከፍቼ ስልኬን ሰጠኋቸው።

መነጽራቸውን ፈልገው አደረጉ። ቀስ ብለው በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። «አፋርን አልፈናል» የሚለው ላይ ጣታቸው ቆመ። ወደ ታች አልወረደም። ከዚያ ወደ ቁጥሩ ደወሉ። የደወሉላቸውን ደንበኛ ለጊዜው ማግኘት አይችሉም አለች ሴትዮዋ። መልሰው ደወሉ። መልሰው ደወሉ። በአራተኛው ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ወንበራቸው ላይ ሳይሆን መሬት ላይ፣ ፋይሎቹ አጠገብ ተቀመጡ።

«ዋይ ኣነ» አሉ። «ዋይ ኣነ። ሁለቱንም።»

አጠገባቸው ተንበረከክሁ። ላቅፋቸው ስል እጄን ያዙኝና ቀና ብለው አዩኝ፤ ዓይናቸው ተለውጧል።

«አንቺስ?» አሉኝ። «አንቺስ? አርባ ስምንት?»

«እርስዎ ነዎት ያሉኝ ኣደይ።»

«እኔ ብልሽስ!» ብለው ጮኹ። «እናት ናት፣ ጨንቋት ነው፣ አብዳ ነው አትይም? ማን ስሚኝ አለሽ? አንዷን ጥያቄ ብትተያት ምን ነበረ! ቢያንስ አንዳችሁ! ቢያንስ አንዳችሁ ሰው ትሆኑ ነበር!»

የጎረቤት ቢሮ ሰዎች በሩ ላይ ተሰበሰቡ። እኔም ልጮህ ፈልጌ ነበር። ጉልበቴን ስመውኝ የለ? ላጲሱን በእጄ ያስያዙኝ እርስዎ አይደሉ? ልላቸው ነበር።  ልጇ በረሃ ላይ ለሆነችባት እናት ግን እንዲህ አይባልም፤ ይሉኝታ ያዘኝ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አልተወኝም፣ ወይ ነዶ!

ቤት ስገባ አባቴ ደጃፉ ላይ ወንበር አውጥቶ ይጠብቀኝ ነበር። ስለ ዘቢብ ነገርኩት። አንገቱን ደፋ። ከዚያ ጠየቀኝ።

«ስንት አመጣሽ?»

«አርባ ስምንት።»

«ከስንት ጥያቄ?»

«ከሃያ አምስት።»

ሠላሳ ዓመት ወረቀት ያረመ ሰው ነው፤ ለማስላት ጊዜ አልፈጀበትም።

«አሥራ ሁለት» አለ። ከዚያ «አንዲት ጥያቄ» አለ። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ማጽዳት ጀመረ፤ ሳይቆሽሽ። «ያን ጊዜ እሳቸው ባይኖሩ...»

«ዛሬ እንኳ ጨርሰው አባዬ» አልኩት። በሕይወቴ እንዲህ ባለ ድምፅ አናግሬው አላውቅም።

 እምባው ሲመጣ አየሁ።

«እሳቸው ባይኖሩ እኔ አልኖርም ነበር» አለ። «አንቺ ግን ዛሬ ሥራ ይኖርሽ ነበር።»

 የመርፌው ሰዓት ደርሶ ስለነበር ገብቼ መድኃኒቱን አመጣሁለት።

መስከረም ላይ ቦታው እንደገና ወጣ፤ በዚህ ጊዜ በደንብ፣ በትልልቅ ፊደል፣ በየሰሌዳው። ክላሰራሞቹ ተጋፍተው ሲያነቡ አይቼ ተጠጋሁ። የመረጃ ባለሙያ፣ ስታቲስቲክስ ወይም ተዛማጅ፣ ሁለት ዓመት ልምድ። ጃፋርም እዚያው ነበር፤ ሸሚዙን እንደቆለፈ። «ለስድስተኛ ጊዜ ጠርተውኛል፣ ለሌላ መሥሪያ ቤት» አለኝ። «ሻይ አለው?» አልኩት። «አለው አሉ» አለኝ።

ዘቢብ አልደወለችም። ባሕሩን ተሻግራለች የሚል አለ፣ ገና ወደቡ ላይ ናት የሚል አለ፤ የሚያውቅ ግን የለም። አደራ ስላለችኝ ከሰሌዳ ስመለስ በየቀኑ ወደ እናቷ ቤት እገባለሁ። ውሃ እቀዳለሁ፣ ሽንኩርት እልጣለሁ፣ አጠገባቸው እቀመጣለሁ። አንዳንዴ ተሳስተው ዘቢብ ብለው ይጠሩኛል፤ አቤት እላለሁ። ያንን ቦታ እንግዲህ ያለ ፈተና ያዝኩት። ጥቁሩ የቢሮ ጫማ ከነካርቶኑ አልጋው ሥር ነው። በቀደም አውጥተው ለኪው አሉኝ፤ ልኬ ነው። መልሼ ካርቶኑ ውስጥ ከተትኩት።

ትናንት ልወጣ ስል በሩ ላይ እጄን ያዙኝ።

«አንቺም እንዳትሄጂብኝ» አሉኝ።

«እሺ ኣደይ» አልኳቸው።

እሺ ማለት ለምዶብኛል። ያ ዘቢብ መልእክት የላከችበት የደላላው ቁጥር ስልኬ ውስጥ አለ። ትናንት ማታ ስለ ራሴ ጉዞ ልጠይቀው ደወልኩለት፤ ጠራ።